የባርኔጣዋ ልጅ

ኢሜጅ ፕሮሰሲንግ የተማረ ሁሉ ያውቃታል። ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች፤ ከባርኔጣው ላይ ሐምራዊ ላባ ወደ ጀርባዋ ወርዷል፤ ፊቷን መለስ አድርጋ በባዶ ትከሻዋ ላይ አሻግራ ታየናለች። ከኋላዋ መስታወት አለ። ምስሉ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

እኔ መጀመሪያ ያየኋት የኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክቴን ስሠራ ነው። ርዕሴ ከፎቶ ላይ ኖይዝ ማጥራት ስለነበር ያገኘሁትን ጥናት ሁሉ እያወረድኩ አነባለሁ። አንዱ ላይ አለች። ሁለተኛው ላይም አለች። ከቻይና የመጣውም፣ ከሕንድ የመጣውም፣ ከቱርክ የመጣውም ላይ እሷው ናት፤ አንዴ ጨውና ቁንዶ በርበሬ እንደተነሰነሰባት ሆና፣ አንዴ ጭጋግ ለብሳ፣ አንዴ በካሬ በካሬ ተሸንሽና። አንዱ የዶርም ጓደኛዬ «የሆነ ፕሮፌሰር ሚስት ናት» አለ። ሌላው ደግሞ ሰው አይደለችም፣ ኮምፒውተር የሣላት ናት ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ።

ሰው ናት። ስሟ ሌና ይባላል፣ ስዊድናዊት ናት፣ ፎቶውም የተነሣው ለፕሌይቦይ መጽሔት ነው። በኖቬምበር 1972 እትም (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) መሐል ላይ ተጣጥፎ በሚዘረጋው ገጽ የወጣች የወሩ ሞዴል ነበረች። ፎቶ አንሺው ድዋይት ሁከር ይባላል። ያ እትም 7,161,561 ቅጂ ተሸጧል፤ በመጽሔቱ ታሪክ ከዚያ በላይ የተሸጠ የለም። ሙሉው ፎቶ ላይ ከባርኔጣውና ከላባው ሌላ ልብስ የሚባል ነገር እምብዛም የለባትም። ታዲያ እንዲህ ያለ ገጽ እንዴት ብሎ የኢንጂነሮች መማሪያ ሆነ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1973 ጁን ወይም ጁላይ ላይ፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ አሌክሳንደር ሳውቹክ የተባለ ረዳት ፕሮፌሰር ከአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪና ከላቦራቶሪው ኃላፊ ጋር ሆኖ ፎቶ ይፈልጋል። አንድ ባልደረባቸው ለኮንፈረንስ የሚያቀርበው ጥናት ነበረው፤ ምስሉ ለእሱ ነው። እጃቸው ላይ ያሉት የሙከራ ምስሎች ከቴሌቪዥን ሥራ የወረሷቸው፣ አይተው አይተው የሰለቿቸው ናቸው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የታተመ፣ የሰው ፊት ያለበት ነገር ፈለጉ። በዚህ መሐል አንድ ሰው ፕሌይቦይ ይዞ ገባ። በቃ፣ ምርጫው ይኼው ነው። ኮሚቴ አልተቀመጠም፣ መስፈርት አልወጣም።

መሐል ገጹን ገነጠሉና የላይኛውን ሲሶ ስካነሩ ሲሊንደር ላይ ጠቀለሉት። ስካነሩ ሙርሄድ የሚባል፣ ለዜና ፎቶ መላኪያ የተሠራ ዓይነት ማሽን ነው፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ቀለም ለየብቻ ወደ ቁጥር የሚቀይር መሣሪያ ገጥመውለት ከሂውሌት ፓካርድ 2100 ኮምፒውተር ጋር አያይዘውታል። ማሽኑ የሚያነበው በአንድ ኢንች 100 መስመር ብቻ ነው፤ ከዚያ ከፍም ዝቅም አይልም። እነሱ የፈለጉት ደግሞ 512 በ512 ፒክስል የሆነ ምስል ነው። 512 ሲካፈል ለ100፣ 5.12 ኢንች። 13 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከገጹ አናት 13 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ስትለኩ ትከሻዋ ላይ ትደርሳላችሁ። ሌናን ልብስ ያለበሳት የማሽኑ ስሌት ነው።

ስካን ተደርጎ ሲያልቅ አንድ መስመር እንደጎደለ አዩ። ጊዜ አልነበራቸውምና የመጀመሪያውን መስመር ደግመው ለጠፉበትና 512 አደረጉት። ምስሉም ከዋናው ትንሽ ተለጥጧል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሶፍትዌር የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ «ለጊዜው ነው፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» ተብሎ የተለጠፈ ነገር ከኩባንያው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ይኼኛው ግማሽ ክፍለ ዘመን ኖረ።

ምስሉን ለጠየቃቸው ላቦራቶሪ ሁሉ ይሰጡ ጀመር። የተቀበሉትም በምክንያት ነው የያዙት። የእኔ አልጎሪዝም ካንተ ይሻላል ለማለት ሁለታችንም አንድ ምስል ላይ መሥራት አለብን። አንተ የአበባ ፎቶ፣ እኔ የግድግዳ ፎቶ ካመቅን ውጤታችን አይነጻጸርም። ይህች ምስል ደግሞ ለፈተና የተሠራች ትመስላለች። ላባው በቀጭን በቀጭን ዝርዝር የተሞላ ስለሆነ ደካማ አልጎሪዝም ወዲያው ያጨማልቀዋል። ትከሻዋ ለስላሳ ነው፤ ጥላው ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ማመቂያው ስስታም ከሆነ እዚያ ላይ ደረጃ ደረጃ ይወጣል። የባርኔጣው ጠርዝ ጥርት ያለ ቅስት ነው። መስታወቱና ግድግዳው ቀጥ ያሉ መስመሮች ይሰጣሉ። ከሁሉ በላይ ፊት አለ፤ የሰው ዓይን ፊት ላይ የተፈጠረን ጉድለት በዋዛ አያልፍም።

እንከንም አላት፤ ቀዩ ቀለም ከሌላው በላይ ያይላል፣ የኅትመቱ ችግር ሁሉ አብሮ ገብቷል። የተሻለ ምስል መፈለግ ይቻል ነበር። በ1996 ዴቪድ መንሰን፣ የአይ ትሪፕል ኢ የኢሜጅ ፕሮሰሲንግ ጆርናል ዋና አዘጋጅ፣ ምስሏ ለምን እንዲህ እንደተወደደች ሲጽፍ ሁለት ምክንያት ሰጠ። አንደኛው ከላይ ያልኩት ነው፣ የዝርዝሩና የጥላው ቅልቅል። ሁለተኛው፦ የቆንጆ ሴት ፎቶ ነው፣ በሙያው ያለው ሰው ደግሞ አብዛኛው ወንድ ነው፤ ወንዶቹ ወደ ሚስባቸው ምስል መሄዳቸው አያስገርምም። ሰውየው አልሸፋፈነም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ሌናን የመጀመሪያ አድርገን እንዳናያት ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ፒን-አፕ የሚባለው ከመጽሔት ወይም ከካላንደር ተቀድዶ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የሴት ምስል ነው፤ ስሙም የመጣው ከስፒሉ ነው። ከሁሉ የገነነችው ቤቲ ግሬብል ናት። በ1943 ፍራንክ ፓወልኒ ያነሣት ፎቶ፣ በዋና ልብስ ሆና፣ ጀርባዋን ሰጥታ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ስታይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር ያልዞረበት የለም። በትከሻ ላይ አሻግሮ ማየት! ከሌና በፊት ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ያው አቋቋም። የሚገርመው ደግሞ በሥልጠና ላይ የግሬብልን ፎቶ ወስደው አግድምና ቁልቁል መስመር አሰመሩበት፤ ሰልጣኞቹ የካርታ ፍርግርግ ማንበብ እንዲለማመዱ ነው። ጭንቅላቷ የትኛው ካሬ ውስጥ ነው፣ ተረከዟ የትኛው ውስጥ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሴጅ የሚባለው ግዙፉ የአሜሪካ አየር መከላከያ ኮምፒውተር የራዳር ስክሪን ላይ በብርሃን መስመር የተሣለች ፒን-አፕ ነበረች፤ ከኤስኳየር ካላንደር የጆርጅ ፔቲ ሥዕል የተቀዳች። ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከታዩት የሰው ምስሎች ውስጥ ቀደምቷ እሷ ሳትሆን አትቀርም ይባላል። በ1961 ደግሞ ሎውረንስ ሮበርትስ በኤምአይቲ የማስተርስ ጥናቱ ላይ የሞከረባቸው ፎቶዎች ከፕሌይቦይ ተቆርጠው የወጡ ናቸው። ይህ ሮበርትስ በኋላ የኢንተርኔት አባት የሚሆነውን አርፓኔትን የመራው ሰው ነው። እንግዲህ ሳውቹክ ክፍል ውስጥ መጽሔቱን ይዞ የገባው ሰው አዲስ ነገር አላደረገም። ፍርግርጉና ግድግዳ ላይ የተሰካችው ሴት ከቆዩ ወዲህ ይተዋወቃሉ።

ፕሌይቦይ ነገሩን የሰማው ዘግይቶ ነው። በጁላይ 1991 ኦፕቲካል ኢንጂነሪንግ የተባለው ጆርናል ምስሏን ሽፋኑ ላይ አወጣ፤ ያን ጊዜ መጽሔቱ የቅጂ መብት ጥያቄ አነሣ። ደብዳቤ ተጻጻፉ፣ የጆርናሉ አዘጋጅም ለአንባቢዎቹ ማሳሰቢያ ጻፈ። በመጨረሻ ፕሌይቦይ ተወው፤ እንዲያውም እንደ ማስታወቂያ ሳያየው አልቀረም። ልብ በሉ፣ በዚያ ክርክር ውስጥ ያሉት ወገኖች ሁለት ናቸው፤ የመጽሔቱ ባለቤትና ጆርናሉ። ፊቱ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ፊቱ የማን ነው? ሌና በ1951 ተወለደች፤ ዛሬ ሌና ፎርሴን ትባላለች። መጽሔቱ ግን በሌላ የቤተሰብ ስም አወጣት። ፈረንጆቹ ስሟን በትክክል እንዲጠሩ ብላም «ን» በሁለት ፊደል እንዲጻፍ ተደረገ። (እኛ በዚህ በኩል ተገላግለናል፤ ገና ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ ጥብቀቱን አንባቢው ይሙላ ብለን እንተወዋለን።) ከአሜሪካ ቆይታዋ በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳ ተራ ኑሮ ኖረች። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ ሠራተኞችን ትመራ ነበር፤ ሥራቸው ሰነድን በኮምፒውተርና በስካነር ወደ ማኅደር ማስገባት ነው። በስካነር! እሷ ስቶክሆልም አካባቢ ወረቀት ስታስነብብ፣ የዓለም ላቦራቶሪዎች እሷን ያስነብባሉ።

በ1988 አንድ የስዊድን የኮምፒውተር ኅትመት አግኝቷት አነጋገራት፤ ነገሩ አስቆ ነበር ያለፋት። በ1997 ቦስተን ላይ የምስል ቴክኖሎጂ ማኅበር 50ኛ ጉባኤውን ሲያከብር እንግዳ አድርጎ ጠራት። የሃያ አምስት ዓመት ፒክስል ተነሥቶ በእግሩ ሲመጣ አስቡት። ተሰብሳቢው ፊርማ ሊያስፈርም ተሰለፈ። እሷም ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ፎቶ ሲያዩ ሳይሰለቹኝ አልቀሩም ብላ መደነቋ ተዘግቧል። በ2015 ደግሞ ኩቤክ ሲቲ በተደረገው ትልቁ የኢሜጅ ፕሮሰሲንግ ኮንፈረንስ የክብር እንግዳ ሆና ሽልማት ሰጠች።

በዚያው ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ የምትማር አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዋሽንግተን ፖስት ላይ ጽሑፍ አወጣች። ኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ውስጥ የሌና ፎቶ የቤት ሥራ ሆኖ ተሰጠ፤ ወንዶቹ ልጆች ሙሉውን ፈልገው ሲያዩ፣ ቀልዱ ሲጀመር፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ጥቂት ሴቶች ይህ ቦታ ለማን እንደተሠራ ገባቸው። ብዙ ኢንጂነር ለዚህ የሰጠው መልስ «የሚታየው ፊትና ትከሻ ብቻ ነው፣ ምን አላችሁ» የሚል ነበር። ይኼ መልስ አያሳምነኝም። እኛ ክፍል ከሃምሳ ተማሪ ሴቶቹ በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የምስሉ ምንጭ ወሬ ሆኖ ዶርም ለዶርም በተዞረ ጊዜ እነሱ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ እነሱ ባሉበት አልተወራማ።

በሌላ በኩል ጉዳዩን ሁሉ የነውር ጉዳይ የሚያደርጉት፣ በተለይ ወደ እኛ ባህል ሲመጣ «ዕርቃን ስለሆነ ነው» ብለው የሚዘጉት፣ እነሱም አልገባቸውም እላለሁ። ሌና ራሷ በፎቶው እንደምትኮራ በ2019 ለዋየርድ ተናግራለች። የጸጸታት ነገር ቢኖር የተሻለ አለመከፈሏ ነው። የሞዴልነት ሥራ ሠራች፣ ለአንድ የመጽሔት እትም ተስማማች። የተስማማችው ለዚያ ነው። ለመማሪያ መጻሕፍት፣ ለሺዎች ጥናት፣ ለእኔ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት አልተስማማችም፤ የጠየቃትም የለም። በዚያው ዓመት በወጣ ዘጋቢ ፊልም ላይ ከሞዴልነት ከተሰናበትኩ ቆየሁ፣ አሁን ከቴክኖሎጂውም ልሰናበት አለች።

ይህን ስታስቡት ወደ ሎስ አንጀለሱ ክፍል ትመለሳላችሁ። መለኪያ የሆነው ነገር የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የተገኘው ነገር ነው። ክፍሉ ውስጥ የተገኘውን የሚወስነው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ነው። በፊልም ዘመንም እንዲሁ ነበር፤ ኮዳክ የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉበት «የሸርሊ ካርድ» የሚባል ፎቶ ይልክ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ለብዙ ዘመን ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ትክክል ከወጣ ፎቶው ትክክል ነው። የጠቆረ ፊት ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ቢወጣ የማሽኑ ጥፋት ተደርጎ አይታይም።

ወደ ዘመናችን ስትመጡ ደግሞ አንድ የምታውቁት ስም አለ። በ2018 ጆይ ቡዎላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ የታወቁ ኩባንያዎችን የፊት መለያ ሶፍትዌር ፈተሹ። ጾታ በመለየት ነጭ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነው። ጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ትምኒት ከባልደረቦቿ ጋር ያቀረበችው ሌላ ሐሳብ ለእኔ ከዚህም በላይ ቀርቦኛል። ኤሌክትሮኒክስ የተማራችሁ አንዲት ባለጥቂት ሳንቲም ቺፕ እንኳ ዳታሺት እንዳላት ታውቃላችሁ፤ ስንት ቮልት ትችላለች፣ መቼ ትቃጠላለች። እነሱ ያሉት ዳታም እንዲህ ይሁን ነው። ከየት መጣ? ማን ሰበሰበው? ምስሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ተጠይቀዋል? ሐሳባቸውን ቢቀይሩ መውጫ አላቸው? የሌናን ምስል ይዛችሁ ይህን ቅጽ ሙሉ ብትባሉ፣ ከ«ማን ሰበሰበው» ቀጥሎ ያለው ሁሉ ባዶ ይቀራል።

አሁን ያለሁበት ቡድን ደንበኛው በስልኩ ራሱን ፎቶ አንሥቶ አካውንት የሚከፍትበት ሶፍትዌር ይሠራል። መሞከሪያ ፊት ያስፈልገናል፣ የአገራችን ፊት፣ በአገራችን መብራት። የፈቃድ ቅጽ አዘጋጅተን ከቢሮው ሰዎች መሰብሰብ ጀመርን። አብዛኛው ሳያነብ ፈረመ። የሕንፃው ጥበቃ የሆኑት አባት ግን ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ ፎቶ የት ነው የሚሄደው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «መቼ ነው የሚጠፋው?» አሉ። ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። ከሥራ አስኪያጄ ጋር ተነጋግሬ ተመለስኩና ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፍኩላቸው፤ ከሥሩ ፈረምኩ፤ እሳቸውም ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ ቅጹ ላይ የቀን መሙያ ቦታ አለ።

ትልልቆቹም ዘግይተው ተንቀሳቅሰዋል። በ2018 ኔቸር ናኖቴክኖሎጂ ሌና ያለችበትን ጽሑፍ አልቀበልም አለ። የአይ ትሪፕል ኢ የኮምፒውተር ማኅበር ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከለከለ። ከዚያ ቀደም ብለው በራሳቸው መንገድ የሄዱም አሉ። በ2013 ሁለት የሒሳብ ተመራማሪዎች፣ ዲያና ኒዴልና ሬቸል ዋርድ፣ በሌና ፈንታ የፋቢዮን ፎቶ ጥናታቸው ላይ አወጡ፤ በፍቅር ልብ ወለድ ሽፋኖች የታወቀው፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የሚወርደው ወንድ ሞዴል። ፈቃድ ጠይቀው ነው ያወጡት። ጸጉሩም እንደ ላባው አልጎሪዝም ይፈትናል።

ፓይተን የምትጽፉ ሳይፓይ ውስጥ «ሌና» ብላችሁ ስትጠሩ ምስሏ የሚመጣበትን ጊዜ ታስታውሱ ይሆናል። ያ ወጥቶ በምትኩ የራኩን ፊት ገባ። ሳይኪት-ኢሜጅ የሚባለው ላይብረሪ ደግሞ ሌላ ሴት መረጠ። ብርቱካናማ የጠፈር ልብስ ለብሳለች፣ ፈገግ ብላለች፣ ከኋላዋ የአሜሪካ ባንዲራና የመንኮራኩር ሞዴል አለ። አይሊን ኮሊንስ ናት፤ የጠፈር መንኮራኩር በአዛዥነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት፣ በ1999። ፎቶው የናሳ ስለሆነ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። የራስ ቁሯን እጇ ላይ ይዛ፣ ፊት ለፊት ወደ ካሜራው ታያለች። ምስሏን ከፍታችሁ መጠኑን ብትጠይቁ ላይብረሪው የሚመልስላችሁ 512 በ512 ብሎ ነው።